ባዘቶ

ከደብረ ሲና በላይ፣ ጭጋጉ ሳይገፈፍ፣
በጽድ ሥር፣ በኮሶ ሥር፣ ስንወጣ ስናርፍ፣
የእኔ ጀርባ ጎብጧል በባለሦስት እግር ብረት፤
ባትሪው እንዳይበርደው ሸጉጬዋለሁ ከደረት።
የሺጥላ ከፊት፣ በእጁ ሽመል ብቻ፣
ምሳችን በጀርባው፣ በቆዳ ስልቻ።
የወፍ ዋሻን ደን ሲጠብቅ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤
እርጥብ ሥር ስረግጥ፣ ሳይዞር ነው የሚያውቀው።

"የፏፏቴው ስም ማነው?" ስል ከኋላ ሆኜ፣
"ያ ውሃ ነው" አለኝ። ሌላ ስም ለምኜ፣
"ያ ውሃ ነው፤ በቃ።"
አንድ ጉሬዛ በላያችን፣ ከዝግባው ላይ ነቃ።

ድምፁ ነው የቀደመን። ሳናየው ገና፣
ድንጋዩ በእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠና፣
ከዚያ ቅዝቃዜው፣ ከዚያ እርጥብ ነፋስ፣
ከዚያ ያ ውሃ ራሱ፣ ከጥቁሩ ገደል ሲፈስ።

ሦስቱን እግር ተከልኩ፣ ጭቃው እስኪይዘው፤
ሌንሱን ባበስኩት ቁጥር፣ ፍንጥቅታው ሲያለብሰው።
ጥቁር መስታወት ደፋሁበት፣ ብርሃን እንዲራብ፣
ስምንት የልብ ምት ያህል፣ ዓይኑን ከፍቶ እንዲያነብ።
አንድ። ሁለት። ትንፋሼን ይዤ
እስከ ስምንት።
ቀጭ።

አምሮ ነበር፤ አልዋሽም።
ያ ሁሉ መንደርደር፣ ያ ሁሉ ማጓራት፣
ነጭ ሐር ሆኖ ተኝቷል፣ ያለ አንዲት ስብራት።

የሺጥላ መጣ፣ እጁን በካፖርቱ ጠርጎ፣
ወደ ትንሿ መስኮት አንገቱን ሰግጎ፣
"ይኼማ ባዘቶ ነው" አለ።
ሣቅሁ፤ ምስጋና መስሎኝ።
"እናቴ ነድፋ ያኖረችው፣ ለእንዝርት የደረሰ።
ባዘቶ ግን፣ ጌታው፣ መቼ ቤት አፈረሰ?"

ሽመሉን ዘረጋ።
"ከዚያች ከሞላላዋ፣ በነሐሴ ማታ፣
ወንድሜ ዘርጋው ሊሻገር፣ ቆመ ለአንድ አፍታ።
ለአንድ አፍታ ብቻ።"

ሌላ አልጨመረም። እኔም አልጠየቅሁም።
የቆጠርኩት ስምንት ከአፌ አልወጣልኝም።
በዚያ ስምንት መሐል፣ ሰው እንኳ ቢያልፍበት
ጉም ይሆናል እንጂ፣ መልክ አይተርፍለት።

ጥቁሩን መስታወት ፈትቼ አወጣሁት፤
የሰከንድ ሽራፊ፣ ሺኛዋን መረጥሁት።
ቀጭ።
ውሃው ጥርስ አወጣ፣ እንደ ወደቀ ማድጋ፤
ስብርባሪው አየር ላይ እርስ በርሱ ሲዋጋ።
"አሁንስ?"
አየ። ቆየ።
"ይኼኛው ቆሟል" አለኝ። "ያ ውሃ ቆሞ አያውቅም።
ቢቆምልንማ ኖሮ..."

ብረቴን ሳጣጥፍ፣ ክንዴን ነካ አደረገና፣
"ድንጋይዋን አንሳልኝ፤ እናቴ አላየቻትምና።
ጉልበቷ ዳገት አይችልም። ሰባት ዓመት ሙሉ
'ምን ትመስላለች?' ትለኛለች፣ ልጆቹ ሲተኙ ሁሉ።
ድንጋይ ናት፤ ምን ይባላል?
ውሃውን ግን አታስገባው፤ እሱን ታውቀዋለች፤
ሌሊት ሌሊት ከመደቧ ሆና ትሰማዋለች።"

ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ።
ሞላላ ናት። በጀርባዋ የድንጋይ ሽበት አብቅላ፣
አንድ የኮሶ ቅጠል በጎኗ አስጠልላ።
ስጫነው፣ ከየት መጣች ሳልል፣ አንዲት ጠብታ
ሌንሱ ላይ አረፈች፣ ልክ በድንጋይዋ ቦታ።
ልጠርጋት ጨርቅ ሳወጣ፣
"ተዋት" አለኝ የሺጥላ። "አንዷ ትግባ።"

ማታ ደብረ ሲና፣ ከፎቶ ቤቱ በር ሥር፣
መብራት እስኪመጣልን፣ የደሴ መኪና ስንቆጥር፣
አመሸን። ሲመጣ ልጁ ወረቀቱን አይቶ፣
ጠብታዋ እድፍ መስላው፣ በአውራ ጣቱ አሽቶ፣
"ድንጋይ ብቻ?" አለን።
የሺጥላ ከኪሱ የረጠበ ብር ፈታ።
"ድንጋይ ብቻ።"
"ስንት ኮፒ?"
"አንድ" አለ እሱ።
ሁለት፣ አልኩ እኔ።